የድሮ ልብስ ለዕይታ ልናወጣ ነው፦ ጋቢ፣ ጃኖ፣ በርኖስና ደበሎ እንዴት ይያዝ? (ደብረ ማርቆስ)

መንቆረር

ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ወር ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት ሳምንት የሚቆይ የድሮ አልባሳት ዐውደ ርእይ እየተዘጋጀ ነው። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀንና ከደምበጫ ቤተሰቦች በውሰት የመጡ 23 ልብሶች አሉ፦ 6 ጋቢ፣ 2 ቡሉኮ፣ 4 ጃኖ፣ 5 ጥልፍ ቀሚስ ከነመቀነታቸው፣ 3 በርኖስ (የበግ ጠጉር ካባ)፣ 2 ደበሎና በወርቅማ ክር የተጠለፈ 1 የከፋይ (ቬልቬት) ካባ። አብዛኞቹ ሳጥን ውስጥ ታጥፈው የኖሩ ናቸው። አዳራሹ ወደ ምዕራብ የሚያዩ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች አሉት፤ የመስተዋት ሣጥን ግን የለውም።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ከዕይታ በፊት ይታጠቡ ወይስ አይታጠቡ? በምን ይሰቀሉ? ባለቤቶቹ የሚነግሩንን ታሪክ ከልብሱ ጋር እንዴት እናመሳክር? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልን።

ልቃቂት

ማጠቡን ለጊዜው ተዉት። ልብሱ ተመርምሮ እስኪያልቅ ውኃ አይንካው።

ጋቢ ላይ ያለው ሁሉ እድፍ አይደለም። በአንገት በኩል ያለው ቢጫ ቅባት ከራስ የወረደ ቅቤ ከሆነ፣ ጋቢው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይለበስ እንደነበር ይነግራችኋል። አንዱ ጠርዝ ብቻ በጭስ ከጠቆረ ለባሹ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ የትኛው ጫፍ ወደ እሳቱ ይወድቅ እንደነበር ታውቃላችሁ። የቀኝ ትከሻው ሳስቶ የግራው ደህና ከሆነ ደግሞ ሸክም ወይም ጠመንጃ በዚያ ትከሻ ይውል እንደነበር ጠይቁ። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ በሳሙና ከሄደ የሚመልሰው የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ አንጥፉ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ልብሱን ዘርግታችሁ በሁለቱም ወገን ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሡ። ከዚያ የልብሱን ቅርጽ በወረቀት ሥላችሁ እያንዳንዱን እድፍ፣ ጥጋንና ቀዳዳ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አስቀምጡ። ለአንድ ጋቢ ግማሽ ቀን ቢወስድ አይግረማችሁ።

አቧራውን አታራግፉት። የተዳከመ ክር በመራገፍ ይበጠሳል። የአቧራ መሳቢያ ማሽን ካገኛችሁ ኃይሉን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ አፉን በአጎበር ጨርቅ ሸፍኑት፤ ከልብሱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እያነሣችሁ እያስቀመጣችሁ ሂዱ እንጂ አትጎትቱት። ማሽን ከሌለ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፤ ሁልጊዜ በክሩ አቅጣጫ።

ካውያ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ። ሙቀት የቅቤውን እድፍ ያጋግረዋል፤ የደረቀ እጥፋት ላይ ሲያርፍም ክሩን ይሰብረዋል። የተጨማደደው ለ3 ቀን ተዘርግቶ ይደር፤ ብዙው በራሱ ይፈታል።

ደጋን

ልቃቂት ባለችው ላይ የክሩን ነገር ልጨምር። ዕድሜውን ለመገመት መጀመሪያ የሚታየው ድሩ (በቁመት የተወጠረው ክር) እና ማጉ (በአግድም የሚገባው ክር) ነው።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙና ጠርዝ አካባቢ ያለውን ክር ተመልከቱ። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ወጥ አይሆንም፤ እዚህ ይወፍራል፣ ትንሽ ሄዶ ይሳሳል፣ ባዘቶው በደንብ ያልተነደፈበት ቦታ ላይ ትንንሽ እብጠት ይታያል። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ አምስት ቦታ ላይ ቆጥራችሁ መዝግቡ። የእጅ ፈትል ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ቆጥሮ መደምደም ያሳስታል።

ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ከሆነ የቤት ጥጥ ነው፤ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ተፈትሎ ለሸማኔ የተሰጠ ማለት ነው። ድሩ እኩል፣ ማጉ ወጣ ገባ ከሆነ ድሩ ከገበያ የተገዛ ነው። ዛሬም በዚህ መንገድ የሚሠራ ሸማ አለ።

ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ አረጋግጡ። ሁለት ያረጁ ኩታዎች ተደርበው አንድ ጋቢ የተሠራበት አለ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ድርብ የክር ብዛት አይገጥምም።

አባይ_ማዶ

ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ስለጀመረ፣ ድሩ የፋብሪካ ከሆነ ልብሱ ከዚያ ወዲህ ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ደጋን

አይቻልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳሩ ፋብሪካ ለጎጃም ሸማኔ ክሩን በቅርብ አመጣለት እንጂ የመጀመሪያው የፋብሪካ ክር አይደለም። የውጭ አገር ክር ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ በነጋዴ እጅ ይገባ ነበር። ድሬዳዋም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ የጥጥ ፋብሪካ ነበረ። ስለዚህ እኩል ድር «የቤት ፈትል ብቻ አይደለም» ከማለት አያልፍም። ዓመት ለመጻፍ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጃኖውን በተመለከተ፦ ቀዩን ጥለት ገልብጣችሁ ከውስጥ እዩት። ቀዩ ክር እንደ ማግ ሆኖ ከጫፍ ጫፍ ካለፈ አብሮ የተሸመነ ነው። የመርፌ ምልክት ካለ በኋላ የተሰፋ ነው። በጣም ያረጀ ጃኖ ላይ ደግሞ ቀዩን ክር በመነጽር ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድሮ ባለቀለም ክር ለማግኘት ከውጭ የመጣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ይተረተር ነበር። የተተረተረ ክር የቀድሞ ሽመናውን ቅርጽ ይይዛል፤ አጠገቡ ያለው ነጭ ማግ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እሱ እንደ ማዕበል እጥፍ እጥፍ ይላል። እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ከሌሎቹ ጃኖዎች እሱን አስቀድሙ፤ ጎብኚው እንዲያየው አጠገቡ ማጉያ መነጽር በክር አስራችሁ አንጠልጥሉለት።

እንዶድ

ማጠብ ጨርሶ ክልክል ነው በሚለው አልስማማም። ቅቤ ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣው ጥጡን ቢጫ አድርጎ ያደርቀዋል፣ ብልና አይጥም ይጠራበታል። ተመርምሮና ፎቶ ተነሥቶ ያለቀ፣ ክሩ ጠንካራ የሆነ፣ ነጭና ቀለም የሌለው ጋቢ ከሆነ፣ ባለቤቱም ከፈቀደ ቢታጠብ ይጠቀማል።

ግን እንደ ሰኞ ልብስ አይደለም። ልብሱን ከሚበልጥ የትንኝ መረብ ላይ አጋድሙትና ከነመረቡ ሰፊ ገንዳ ውስጥ አስገቡት፤ የረጠበ ጋቢ የራሱ ክብደት ይቀደዋልና በልብሱ ይዛችሁ አታንሡ። ለብ ያለ የዝናብ ወይም የተጣራ ውኃ ተጠቀሙ። በእጅ መዳፍ ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ቢያንስ 4 ጊዜ ውኃ ቀይሩ። አይታሽም፣ አይጨመቅም። በንጹሕ ፎጣ ጠጥቶለት ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ ይድረቅ።

በእንዶድ ለማጠብ የምታስቡ ካላችሁ፦ ለ10 ሊትር አንድ እፍኝ የደረቀ ፍሬ ይበቃል፤ ወቅጣችሁ ዘፍዝፋችሁ ሁለት ጊዜ በጨርቅ አጥልሉት። ካልጠለለ የፍሬው ልጣጭ በአራቱ ድርብ መሐል ይቀርና ከወራት በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አጋማሽ አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ነበር። ዓሣም አይተርፍም።

ልቃቂት

እንዶድ፣ ባልከው ቅድመ ሁኔታ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ላክልበት። አንደኛ፣ ጥለት ያለውን ልብስ ሁሉ ከዚህ አውጣው። የጃኖ ቀይ ወደ ነጩ ከሮጠ ማዳኛ የለውም። ለማወቅ በውስጥ ጠርዝ በኩል እርጥብ ነጭ ጥጥ 30 ሴኮንድ ያህል ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ ጥጡ ትንሽ እንኳ ከቀላ እርጥበት አይጠጋው። ሁለተኛ፣ ከስድስቱ ጋቢ አንዱ እንዳለ ይቅር። እድፉ ያለበትና ካርታው አጠገቡ ተሰቅሎ ለጎብኚ ይታይ።

ዕቃ_ቤት

ስለ አዳራሹ። የምዕራብ መስኮት በጣም ያሳስባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የጥር ሰማይ ደመና የለበትም፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚገባው ፀሐይ በሦስት ሳምንት ውስጥ የጥልፉን ቀለም ያነጣዋል። መስኮቶቹን በሁለት ድርብ ወፍራም ጨርቅ ዝጉ። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ የልብሱ ገጽ ላይ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል። ስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ፍጹም ባይሆንም ለማነጻጸር ይረዳል። ሰው መጀመሪያ ሲገባ ይጨልምበታል፤ ስለዚህ በሩ አጠገብ ልብስ ሳይሆን የሚነበብ ጽሑፍ አድርጉና ዓይኑ እስኪለምድ ይቆይ።

አሰቃቀል፦ ጋቢና ቡሉኮ በሚስማር ወይም በገመድ አይንጠለጠል። ሙሉ ክብደቱ ሁለት ነጥብ ላይ ያርፍና በሳምንት ውስጥ ክሩ ይከፈታል። 30 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ሰሌዳ አሠሩለትና ተጋድሞ ይታይ። ሰሌዳው የባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ጥሬ እንጨት ከሆነ ኮምጣጣ ትነት ስላለው በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኑት፤ ከላዩ አቡጀዲ። አቡጀዲው በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ታጥቦ የፋብሪካ ስታርቹ መውጣት አለበት፤ ስታርች ነፍሳት ይጠራል።

ለቀሚሶቹ የልብስ ቤት አሻንጉሊት ብትከራዩ የዛሬው ደረትና ወገብ ለድሮ ቀሚስ አይሆንም። ከቀሚሱ የሚያንስ አሻንጉሊት ፈልጉና በጥጥና በአሮጌ ነጠላ እየጠቀለላችሁ ወደ ልኩ አምጡት። ልብሱን ወደ አሻንጉሊቱ ማጥበብ ግን የለም። ስፒል ደግሞ ይዝጋል፤ ዝገቱም አይለቅም።

ቾቄ

ስለ በርኖስ የጻፈ የለም። ከሦስቱ አንዱ ብል ያለበት ቢሆንስ? ናፍታሊን ይበቃል?

ልቃቂት

አያ ቾቄ፣ ናፍታሊን ይቅርብን። ለሚሠራው ሰው ሳንባ ጎጂ ነው፣ ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ እንቁላሉንም በደንብ አይገድልም።

መጀመሪያ ብሉ ሕይወት ያለው መሆኑን እወቁ። በርኖሱን ነጭ ወረቀት ላይ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ። እንደ አሸዋ ደቃቅ ፍግ ወይም የትል ሽፋን ወረቀቱ ላይ ከታየ አለ ማለት ነው። ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት፤ የበግ ጠጉርና ቆዳ ካገኘ ወደ ደበሎውም ይሻገራል።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ነው። በርኖሱን በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ክተቱ፤ አየሩን አስወጥታችሁ በደንብ አሽጉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቆይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሲወጣ ላስቲኩን አትክፈቱት፤ 24 ሰዓት ሙሉ ታሽጎ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ። ቀድማችሁ ከከፈታችሁ የአየሩ እርጥበት ጠጉሩ ላይ ይጤዛል፤ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በርኖስ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ከሆነ ቀለም አልተነከረም፤ በፀሐይ ወደ ቡናማ ይሄዳል እንጂ አይፈረፈርም። ብረት ባለበት ቀለም የጠቆረ ጨርቅ ግን ራሱን እየበላ ይሄዳል፤ ሲነኩት እንደ ጥላሸት ከረገፈ ያ ነው። እሱን ጭራሽ አታቁሙት፣ ተጋድሞ ይታይ። ከበርኖሱ ትከሻ ላይ የሚወጣውን ሹል ጫፍ በጥጥ ሙሉት፤ ባዶውን ከተሰቀለ ወድቆ ይሰበራል፣ በርኖስነቱም ይጠፋል።

ዋሸራ

ደበሎን በሚመለከት። ደበሎ ጠጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ቀን ይለብሰዋል፣ ሌሊት ያነጥፈዋል ይደርበዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ማሳየት ይገባል። ለዓመታት ተቀምጠውበት የተላገ ጠጉር ከጀርባ ዝቅ ብሎ አለ፤ ትከሻ ላይ የአኩፋዳ (የተማሪው ከረጢት) ማንገቻ የፈጨው መስመር ይገኛል። እነዚህን ለጎብኚ አሳዩ፤ ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ከዚያች የትከሻ መስመር በላይ የሚታይበት ነገር የለም። ደስ የሚለው ደግሞ ጥጋኑ ነው፤ ቆዳው በተቀደደበት በጅማት ወይም በወፍራም ፈትል የተሰፋው ስፌት ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው የተማሪውን እጅ ያሳየዋል።

ጥፋት የሚመጣው በቅባት ነው። ደረቀ ብለው ቅቤ ወይም ዘይት የሚቀቡት አሉ። ቅባቱ አቧራ ይይዛል፣ ይሻግታል፣ ጠጉሩም ይረግፋል። የደረቀ ደበሎ ካልታጠፈ አይሰበርም፤ ሳትዘረጉት ባለበት ቅርጽ ከሥሩ በጥጥ ከረጢት ደግፋችሁ አስቀምጡት። ከጠጉሩ ሥር ትንንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ በርኖሱ በቀዘቀዘበት መንገድ ይቀዝቅዝ።

መንቆረር

እግዜር ይስጥልን፤ ጽፈን እየያዝን ነው። ካባው ላይ ተቸግረናል። ባለቤቶቹ «በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የተሸለመ ነው» ይላሉ። ከአንገቱ በታች ያለው ስፌት ላይ ግን የሚያብረቀርቅ ናይለን መሳይ ክር አለ። ውሸት ነው ብለን እንመልሰው?

ደጋን

አትመልሱት። አንድ ክር ልብስን ሐሰተኛ አያደርግም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ነግሠው በ1893 ዓ.ም. ያረፉ ናቸው፤ ናይለን መሳዩ ክር ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ የተፈለሰፈው ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ያ ክር ከንጉሡ ዘመን ሊሆን አይችልም፤ ካባው ግን ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ክሩ የመጀመሪያው ስፌት ነው ወይስ ጥገና ነው የሚለው ነው።

ስፌቱን በመነጽር ተመልከቱ። ከአዲሱ ክር ጎን ባዶ የቆዩ የመርፌ ቀዳዳዎች ካሉ፣ አንዳንዱም ውስጥ የአሮጌ ክር ቁራጭ ከቀረ፣ ተፈትቶ ዳግም የተሰፋ ነው። ባዶ ቀዳዳ ከሌለና የከፋዩ ጠጉር ከስፌቱ ሥር ሳይረገጥ ከቆየ ልብሱ ከዚያ ክር ጋር አብሮ ተወልዷል።

የወርቁንም ክር እዩት። የድሮው ከሐር ወይም ከጥጥ እምብርት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው፤ ብር ካለበት ይጠቁራል፣ መዳብ ካለበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። የቅርቡ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ነው፤ አይጠቁርም፣ ይላጣል። ጠቆረ ብላችሁ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አታሹት፤ የወርቁ ልባስ ከጥላሸቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከስፌቱ ወድቆ የተገኘ ቁራጭ ክር ካለ (ከልብሱ አትቁረጡ) በፒንሳ ይዛችሁ እሳት አስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ግራጫ ነው። ሐርና የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። ገበሩ ሐር ከሆነና በእጥፋቱ መስመር በቀጥታ እየተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ክብደት እንዲኖረው በማዕድን ጨው የተነከረ የውጭ ሐር ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመርፌ አይያዝም፣ ከሥሩ ድጋፍ ጨርቅ ብቻ ይግባለት።

ጥለት

የመግለጫው ጽሑፍ ላይ ልናገር፤ ብዙ ዐውደ ርእይ የሚበላሸው እዚያ ነውና። «ጥንታዊ የጎጃም ጋቢ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ቤተሰቡ ያለው፣ ልብሱ ላይ የታየውና የናንተ ግምት ሦስቱ ተለይተው ይጻፉ። ለካባው ለምሳሌ፦

«ካባ። ከፋይ፣ በብረት ክር የተጠለፈ። ቤተሰቡ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እንደሆነ ይናገራል። የአንገቱ ስፌት በኋላ በፖሊስተር ክር ታድሷል፤ የቀድሞዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች አሁንም ይታያሉ።»

ይህን ያነበበ ጎብኚ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቀዳዳ ካልተገኘ ደግሞ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይለወጣል፤ ለባለቤቶቹም ከመከፈቱ በፊት በአክብሮት ይነገራቸው እንጂ ግድግዳ ላይ እንዲያነቡት አይደረግ።

ባለቤቶቹን ስትጠይቁ «መቼ ነው?» አትበሉ። ማን ፈተለው፣ ሸማኔው የየት አገር ሰው ነበር፣ ለምን ቀን ተለበሰ፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ ማን ጠገነው በሉ። ዘመኑን «ጣሊያን ሳይገባ» ወይም «በ77 ድርቅ» ብለው ከነገሯችሁ በቃላቸው ጻፉት፤ ዓመተ ምሕረት ከጎኑ ይጨመር እንጂ አይተካው።

አለባበሱም ታሪክ ነው። ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይዞራል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመስቀልያ ይጣፋል፤ ጌታ ፊት ሲቆሙ ያደገድጋሉ። አሻንጉሊቱ ላይ ጃኖውን ከማጣፋታችሁ በፊት ባለቤቱን ወይም አንድ አዋቂ እናት ጠይቁ። በበዓል ቀን ጃኖ የለቅሶ አጣጣፍ ተደርጎ ቢቆም ለአገሩ ሰው ስድብ ነው። ልብሰ ተክህኖ የሚያመጣላችሁ ካለም ከገበዙ ፈቃድ ውጭ አትቀበሉ።

ዕቃ_ቤት

ቁጥር አሰጣጥ ተረስቷል። በጥጥ ጥብጣብ ላይ በእርሳስ ቁጥሩን ጻፉና ጥብጣቡን በሁለት ስፌት በነበረው ስፌት መስመር ላይ ብቻ ያዙት፤ ጨርቁን አትውጉ። ፕላስተር፣ ስቴፕለር፣ እስክሪፕቶ ልብሱ አጠገብ አይድረስ።

ሲመለሱም እንደመጡ አይታጠፉ። ጋቢውና ጃኖው በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቅለሉ፤ ቱቦው መጀመሪያ በፎይል፣ ቀጥሎ በታጠበ አቡጀዲ ይሸፈን። በፌስታል ማሸግ ክልክል ነው፤ ክረምት ሲገባ ውስጡ ይልባል። የግድ መታጠፍ ካለበት በየእጥፋቱ ውስጥ እንደ ክንድ የተጠቀለለ ጨርቅ አስገቡ፤ እጥፋቱም በቀድሞው መስመር ላይ አይረፍ። ባለቤቱ ሲረከብ የመጀመሪያውን ፎቶና የእድፉን ካርታ ከልብሱ ጋር አስተያይቶ ይፈርም፤ አንድ ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ ይግባለት።